የማጠቃለያ ሪፖርት

ለኪነ ጥበብ ድጋፍ ክፍል፤
ከዶርካስ ፔሊ፣ ሠዓሊ፤
ኒውፋውንድላንድ፣ ጋነት ኮቭ፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቤት።

«ገንዘቡ በምን ዋለ?» ይላል የቅጹ አንደኛ መስመር።
ደረሰኞቹ ከኋላ አሉ፣ ተሰፍተው፤ የሻ ይቁጠር።

ስቱዲዮ የምትሉት የአባቴ ቤት ነው፤ ዓሣ በጨው የሚከትበት፤
ወለሉ ዛሬም ያልበዋል፣ ዝናብ የመጣ ዕለት።
ዓሣው ሲያልቅ፣ መንግሥትም ማጥመድ ሲከለክል፣
ወንዶቹ ምዕራብ ሄዱ፣ ወደ ነዳጅ ጉድጓድ፤ እኔ ዞርኩ ወደ ሥዕል።
ሠላሳ የበረዶ ክረምት የቀለም ቱቦ በብብቴ አሙቄ፣
ፀሐይ በዘጠኝ ተኩል ስትሸሸኝ ብሩሼን አጥቤ አድርቄ፣
ግማሽ ደመና ሸራው ላይ ትቼ፣
ወደ ቤት፣ እየተነጫነጭኩ።

ማሞቂያ፣ አንድ። ዋጋው ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።
ዘይቱ አሁን አይረጋም፤ ጣቴም ጣት መሰለ።

የሸራ መቆሚያ፣ አንድ፤ እጀታው ሲዞር ሸራ የሚያነሣ።
የድሮው ሁለት መቅዘፊያ ነበር፣ በሲባጎ የታሰረ፤ ሽታው የዓሣ።

አየር ማውጫ፣ አንድ። ነፋስ ከሰሜን ሲመጣ ጭሱን መልሶ ይተፋል።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ በማይሆን ግድግዳ ላይ ተተክሏል።

መብራት፣ ሁለት።
እዚህ ጋ ወንበር ሳቡ፤ ወሬው ይረዝማል።

«የሥራዎን ፎቶ ይላኩ» ትሉኝ ነበር በየዓመቱ።
ልኬአለሁ፣ በስልኬ አንሥቼ፤ አንዱ ላይ ያበራል መስኮቱ፣
ሌላው ላይ የራሴ ጥላ፣ ሦስተኛው ላይ የድመቷ ጅራት።
ስንቴ «እናዝናለን» ብላችሁ ጻፋችሁ? ቆጥሬአለሁ፤ አራት።
አልፈርድባችሁም። ባሕሬ በዚያ ፎቶ ሾርባ ነበር፣ የቀዘቀዘ።

ዘንድሮ ሊያንደር ኪፒንግ መጣ፣ ሁለት ሣጥን የያዘ።
ልጅ ነው፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ወለሉ ንጹሕ መስሎት።
መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረደ፤ በቀትር አመጣ ሌሊት።
መብራቶቹን ከሥዕሉ ግራና ቀኝ፣ እንደ ሚዜ፣ አቆማቸው፤
ግራጫ ካርድ ከሥር አስጠጋ። «ቀለሞቹ እንዳይዋሹ» አለኝ፣ «ምስክራቸው።»
መዝጊያውን ሲጫን ትንፋሹን ይይዛል።
እኔም ያዝኩ። ሃያ አንድ ጊዜ።
ባሕሬ ባሕር ሆነ።

በመጨረሻ የአምብሮስን ጀልባ አወጣሁ፣ ባዶዋን ጀልባ።
ልጁ አንዱን መብራት አጠፋ፤ ሌላውን ከጎን ዝቅ አድርጎ አዘነበለ፤
የቀለሙ ግርፍ እንዲታይ ነው፣ ለመሞከር ያህል።
«ወይዘሮ ፔሊ» አለ፣ «ይሄ የተቀመጠው ሰውዬ ማነው?»

ከግራጫው ውሃ ሥር ትከሻ ተነሣ።
ቆብ ተነሣ። ገመድ የጨበጠ እጅ።

አልሞተም ወንድሜ። ሄደ፤
ሁለት ገና ድረስ ጻፈ፤ ከዚያ ተወ።
በሦስተኛው ገና፣ በአንድ ሌሊት፣
በቢላ፣ በወፍራም ግራጫ፣ ከጀልባው አወረድኩት።
ማንም አያውቅም ነበር። እኔም ረስቼው ነበር፣ ማለት ይቻላል።
ደረሰኝ ቁጥር ስድስት ባይኖር እንደ ተቀበረ ይኖር ነበር።

ሊያንደር ሁለት ጊዜ አነሣው።
አንደኛው ፎቶ እናንተ ዘንድ ነው፤ ብርሃኑ እኩል፣ እንደ ደንቡ፣
ጀልባዋ ባዶ።

«ድጋፉ ያመጣው ለውጥ፣ ከሃምሳ ቃል ባልበለጠ።»
እንግዲህ ምን ልበል?
እጄ ሞቋል። አመሻሽ ላይም እሠራለሁ፤
በሌሊት የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ የበራ መስኮት ያያል።

ከበጀቱ አራት ዶላር ከስልሳ ተርፎ ነበር።
ፖስታና ቴምብር ገዛሁበት፤
አድራሻውን ከሴት ልጁ ጠየቅሁ፤
ሁለተኛውን ፎቶ ላክሁ፣ ያለ ደብዳቤ።
በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም፤ አውቃለሁ።
ከፈለጋችሁ እመልሳለሁ።