አንድ ቀን የጎደለው ክንድ

ከሜዳው ጀርባ ነው የእኔ የሥራ ቦታ፤
ቁጢጥ እንዳልኩኝ ነው ከቀትር እስከ ማታ፤
ኳስ እየተቀበልኩ፣ ክንድ እያሟሟቅሁኝ፣
ስሜ ሰሌዳ ላይ ሳይወጣ አረጀሁኝ።
ማን ምን እንደሚመዝን መዳፌ ነው የሚያውቀው፤
ደመወዝ ከፋዩ ግን መዳፌን መች ጠየቀው?

በግራ በኩል ሃርላን ክሬስ አለ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤
ቤዝቦል ቤት ይህ ሽበት ይባላል።
ክርኑ ሁለቴ ተሰፍቷል፤ ከጨዋታ በኋላ ትከሻውን
በበረዶ ጠፍረን እንደ ቁስለኛ እናወጣዋለን።
የሱ ኳስ እስክትደርስ ስለ ራቴ አስባለሁ፤
ሰማንያ አራት ማይል፤ መዳፌ ላይ
እንደ ዘገየ ደብዳቤ ዝግ ብላ ታርፋለች።
ለዚህ፣ በዓመት አሥራ አራት ሚሊዮን ዶላር።

በቀኝ በኩል ዊልቶን ፓኒያግዋ፣ ከባኒ፣
ከጨው ማምረቻው ዳር የመጣ፤ ሃያ አራት ዓመቱ።
የሱን ኳስ ሳላያት እሰማታለሁ።
አውራ ጣቴ ሁለቴ ተሰብሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ነው፤
ሁለቱንም ጊዜ ይቅርታ እያለ አይስክሬም ገዝቶልኛል።
ደመወዙ? ደንቡ "ከዚህ በታች አይሆንም" ያለው፤
አንዲት ሳንቲም ሳትጨመርበት።

ደንቡን የክለቡ ጸሐፊ ነገረችኝ፦
ሦስት ዓመት የሰጡህን ትቀበላለህ፣
ከሦስት በኋላ ዳኛ ፊት ቀርበህ ትከራከራለህ፣
ስድስት ስትሞላ ገበያ ወጥተህ ራስህን ትሸጣለህ።
ዓመት ስትል ደግሞ ዓመት አይደለም፤
ከላይኛው ሊግ የዋልክበት አንድ መቶ ሰባ ሁለት ቀን ነው።

ድሮስ ጨርቅ ነበረ በክንድ ተለክቶ የሚሸጥ፤
እዚህ ክንድ ራሱ፣ በቀን ተለክቶ የሚቆረጥ።

ልጁን በልምምዱ ወር አንድም ሰው አልመታውም።
"የእግርህ አጣጣል ገና ነው" ብለው ወደ ታች ሰደዱት።
በአሥራ ስድስተኛው ቀን መልሰው ጠሩት፤
እግሩ ያው እግሩ ነበር።
ከዚያ ወዲህ ቀኑን ከቆቡ በስተውስጥ በእስክሪብቶ ይጭር ጀመር፤
አራት ሰረዝ፣ አንድ ማጋደሚያ።

የመጨረሻዋ ሌሊት ከሐይቁ በኩል ዝናብ መጣ።
ቆቡን ገልብጦ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። እኔም ቆጠርኩለት።
አንድ መቶ ሰባ አንድ።
ስድስቱ ዓመት በአንድ ጀንበር ሰባት ሆነ።
ቀን የጎደለበት ሰው አይተን እናውቃለን፤
እንዲህ ቆጥረው ያጎደሉበት ግን አላየሁም።

ሃርላን በረዶውን ታቅፎ ይሰማ ነበር።
"በሱ ዕድሜ ዘጠና ሰባት እወረውር ነበር" አለኝ፣
"በዚያው በሱ ዋጋ።
ዛሬ የሚከፍሉኝ ለዚህ ክንድ እንዳይመስልህ፤
የዚያ ጎረምሳ ውዝፍ ነው፤ እኔ ወራሹ ነኝ።"

እውነት ለመናገር ግን፣ ልምድ ከንቱ ነው አልልም።
በነሐሴ፣ ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ፣ ግድግዳ የሚያህል መቺ ፊቱ ቆሞ፣
ሃርላን ያቺን ዳተኛ ኳስ ላካት፤
ሰውየው ኳሷ ሳትደርስ ነፋስ መትቶ ጨረሰ።
በማግስቱ ዊልቶን "አያያዙን አሳየኝ" አለው።
ሽማግሌው ጣቶቹን ከስፌቱ ላይ አንድ በአንድ አነሳለት፤
"አትጨብጣት፤ እንቁላል ናት በላት።"
ያን ዕለት ማንም ሂሳብ አልጠየቀ።

በሚያዝያ አዲስ ቆብ ታደለ።
ዊልቶን ወደ እኔ መጥቶ እስክሪብቶ ለመነኝ፤
አንዲት ሰረዝ አሰመረ፤ ተመልሶ ሄዶ ወረወረ፤
መዳፌ እስከ ትከሻዬ ነደደ።
"ስንት?" አለኝ።
ማይሉን የጠየቀኝ መስሎኝ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።
ቆቡን ነካ አደረገ።
"አንድ" አልኩት።