ሰባት ቤት

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ዕለት ነበር፣
አኖርኩት ጠረጴዛ ላይ፣ ከመርፌዬ ጋር፣
ቂርያት ጋት፣ ማእድ ቤት፣ ከዳቦ ፌስታል ዳር፦

"ለአቶ አሳፍ ያየህ፤
መርምረን አየነው ያቀረብከውን ቃል፤
ይህ ስኳር በሽታ ከዘር ይወረሳል፤
ከውትድርናህ ጋር ስላልተገናኘ ካሳው ተከልክሏል።"
ከግርጌው በደቃቅ፦ "ይግባኝ ይፈቀዳል።"

ከዘር!
ሃያ ዓመቴ ነበር፣ ድንበር ላይ፣ ከማማ፣
ጓዴን ተሸክሜ የወረድኩ ለት በጨለማ፤
ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጥም ነው የያዘኝ፣
ኮዳዬን ጨርሼ የሰው ኮዳ አስመኘኝ፣
ቀበቶዬ ሰፋኝ፤
የጦሩ ሐኪም ግን "ሙቀት ነው፣ ጠጣ" አለኝ።
ጠጣሁ።
ወደቅኩ።
ሶሮካ ሆስፒታል፣ በሦስተኛው ቀን ነቃሁ።

አባቴ ዕብራይስጥ አያነብም፤ ተረጎምኩለት።
"ከዘር" የምትለዋ ላይ እጁን አነሣ፤ ደገምኩለት።
"የማን ዘር?" አለ።
ምሳውን ተወው።

በቀጠሮው ዕለት ቤርሳቤህ ገባን፣ በማለዳ ባቡር፤
ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሐኪም ናት፣ ባለመነጽር።
"በቤተሰባችሁ ስኳር ያለበት ሰው ነበር?"
አባቴ ተነሣ፣ ኮቱን አስተካከለ፣
ልጅ ሊድር እንደመጣ ሰው፣ ጣቱን እያጠፈ "ስሙ እንግዲህ" አለ፦

"እኔ ያየህ ነኝ፤ ሰንበቱ ወለደኝ፤ ሰንበቱን እንግዳው፣
እንግዳውን ጀንበሬ፣ ጀንበሬን ቢረሳው፣
ቢረሳውን ዋሴ፣ ዋሴን አድማሱ፤
እንኳን በደማቸው፣ ስኳር በምላሳቸው ያልቀመሱ።"

አስተርጓሚዋ ዞራ "የለም ይላል" አለች።
ያ ሁሉ ሰው፣ አንድ ቃል።
ሐኪሟ ጻፈች። "የሕክምና ማስረጃ ይኖረዋል?"
"ከሐኪም በፊት ነው የሞቱት" አለ አባቴ።
ውሳኔው በፖስታ ይደርሳችኋል ተባልን።

ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ፣ የገዛሁለትን ውኃ ሳይከፍተው፣
"አንድ ሰው ዘለልኩ" አለኝ።
"እህቴን፣ ማሪቱን።
ሱዳን ሳንደርስ፣ በረሃው ላይ፣ ውኃ ውኃ ስትል የቀበርናትን።
ጥም ነው አልን፤ ማን ያልጠማው ነበር?
ግን እኮ ገና ከቤት ሳንወጣ፣ ሌሊት ሌሊት ከእንስራው ሥር
ቅል ሙሉ ትጨልጥ ነበር፤
ከሸናችበትም ጉንዳን ሲሰፍር አይቻለሁ፣ ልጅ ሆኜ፣ ከጓሮ አጥር።
ዋሸሁ እንዴ?"

"ወደ ላይ ነው የቆጠርከው" አልኩት፤ "እሷ ከጎንህ ናት።"
እውነት ነው።
እውነትም አይደለም።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። እጁን ሰጠኝ ሳልጠይቀው፣
ሰባቱ ሲታጠፉ ተዘርግተው ከቀሩት ከሦስቱ፣ አንዱን ጣት።
ወጋሁት። ደሙ ወረቀቷን ነካ።
መለኪያዋ ወደ ታች መቁጠር ጀመረች፦
አምስት፣
አራት፣
ሦስት፣