ተጓዥ፦ አንድ

ገጹ ገና ሲከፈት «ሁለት ተጓዥ» ይላል፤
ሳይጠይቅ፣ ሳያይ፣ ማን ይቆጥርልኛል?
የመቀነስ ምልክቷን በጣቴ ነካሁ።
አንድ ሆንኩ።

እንዲህ ቀላል ኖሯል! እኔን ስድስት ዓመት
በፍርድ ቤት ደጃፍ፣ በማኅተም ብዛት
የፈጀኝ ነገር።

ኩታይሲ ዝናብ ነው። በጠባቧ ቤቴ
የሰው መጋረጃ ሞልቷል እስካንገቴ፤
ለአዲሱ ሆቴል ነው፣ አርባ ሁለት መስኮት፤
ስንቱን ከተማ ለስንት እንግዳ ጋረድኩ፣
በአንዱም መስኮት ወደ ውጭ አላየሁ።

በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከየጠርዙ፣ ከየዘርፉ
የተለቀመ ላሪ አለ።
ቆጠርኩት። ደግሜ ቆጠርኩት።
ስለቆጠሩት አይጨምርም።

«ተሰሎንቄ ልሄድ ነው» አልኳት ናዚብሮላን።
«ምን አለሽ እዚያ?»
«ጳውሎስ ሁለት ጊዜ ጽፎላት የለም ወይ?
መልሷን እስከ ዛሬ ሰምቶት ያውቃል ወይ
ከሰው ማንም?
ልሂድና ልስማው፣ ከራሷ አንደበት።»
(እውነቱን ለመናገር፣ ርካሹ ትኬት
ወደዚያ ስለሆነ ነው።)

«ከማን ጋር?» አለችኝ።
«ከማን ጋር?» አለኝ ባለመድኃኒት ቤቱ፣ ፕላስተር ስገዛ፤
«ከማን ጋር?» አለኝ በስልክ ወንድሜ ዛዛ፣
እህል ውኃ ካሉኝ ሦስት ወር ያለፈው።
«በስንት?» ብሎ ግን አንድም አልጠየቀኝ፤
እንቅልፍ የነሳኝስ እሱ ነበር።

ሁለት በረራ አለ።
አንደኛው ሠላሳ ላሪ ይረክሳል፣
ግን ከሌሊቱ ሰባት ተኩል ያደርሳል፣
የመጨረሻው አውቶቡስ ከሄደ በኋላ።
ታክሲ አለ፤ ሹፌሩ ማን እንደሆን እንጃ።
መንገድ አለ፤ መብራቱ ስንቱ እንደበራ እንጃ።
ወንድ ብሆን ኖሮ
ጃኬቴን ተንተርሼ አግዳሚ ላይ በተኛሁ፣
ሠላሳዋን ላሪ ዓሣ በበላሁባት።
የቀኑን ገዛሁት።
ደረሰኙ ላይ «የመቀመጫ ዋጋ» ይላል፤
እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ የገዛሁት ፀሐይ ነው፤
ለሌላው በነፃ የምትወጣ ፀሐይ፣
ለእኔ ሠላሳ ላሪ።

ናዚብሮላ ደግሞ ምክር አያልቅባት፦
«ቀለበት አጥልቂ፤ ባል ያላት ይበሉሽ።»
የእኔን ድሮ ሸጬ የስፌት ሞተር ገዝቼበታለሁ፤
ሞተሩ እስከ ዛሬ አላስቀየመኝም።
የቁልፍና የመርፌ ጣሳዬን ገለበጥነው፤
የተገኘው ቀለበት የመጋረጃ ነው፣ ነሐስ፤
በአውራ ጣቴ እንኳ ይዋልላል።
ሳቅን፣ ሳቅን፣ ከዚያ እሷ አለቀሰች፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
ጣሳው ውስጥ መለስኩት። ክብደት ይጨምራል።

ሻንጣው ከወንበር ሥር መግባት አለበት፤
አርባ በሠላሳ በሃያ ሳንቲሜትር።
ልክ ከነገሩኝ አልፈራም፤
ከሆቴሉ ትርፍራፊ ጨርቅ ሰፋሁት፣
በሆዱ ድብቅ ኪስ፣ ለፓስፖርት፣ ለሃምሳ ዩሮ።
አንድ ሹራብ፣ ሁለት ካልሲ፣
ሦስት ዘንግ ቹርችኼላ፤
ለውዝና ወይን ሁለት ቀን ያቆማል ሰው።

መንገዱን በቃሌ አጠናሁ እንደ ዳዊት፦
ከፌርማታው ሁለቴ ወደ ግራ፣
ዳቦ ቤቱ ጋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አረንጓዴ በር።
ቆማ ካርታ የምትገልጥ ሴት
«ጠፋሽ ወይ?» ባይ አይጠፋባትም።

ክፍሉ የሴቶች ነው፣ ስምንት አልጋ፣
የደረሰኝ አምስተኛው፣ የላይኛው።
በአርባ ሦስት ዓመቴ
በመሰላል ወደ እንቅልፍ ልወጣ ነው።

የከፈልኩ ለት፣ እንዲያው ለጨዋታ፣
የመቀነስ ምልክቷን ደግሜ ነካሁ።
ደበዘዘች። እምቢ አለች።
ከአንድ በታች አይወርድም።

ስልኩን አስቀመጥኩና ወደ መርፌው ዞርኩ፤
አሥራ አንድ መስኮት ይቀረኛል።