ሠላሳ ሁለት ሺ

ሠላሳ ሁለት ሺ ብር፣ በደብተር መሐል የታጠፈ፣
ማራኪ በር ላይ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ውዬ የተረፈ፤
የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ገጽ በገጽ እያተምኩ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ የራሴን ምኞት እያስታመምኩ።

እህቴ አትጠገብ ገጹን ለሁለት አሰመረች፤
ግራውን «ያስፈልጋል»፣ ቀኙን «ያምራል» አለች።
ከዚያ ወዲያ የመጣው ጭቅጭቅ በሙሉ
የዕቃ ስደት ነበር፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሁሉም በየአመሉ።

አራዳ፣ ከጫማ ቤቶቹ ጀርባ፣ ባዘዘው ሱቅ ገባሁ፤
ከባንክ በጨረታ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር አየሁ፤
የንብረት ቁጥሩ በቀይ ቀለም ጎኑ ላይ ተጽፎ፣
የስንት ሰው ደመወዝ አስልቶ፣ ለኔ ጨዋታ ተርፎ።

«ፕሮሰሰሩን አትናቀው፣» አለኝ፣ «ስድስት ኮር ነው ያለው፤
ግን ትልቅ ካርድ ከጫንክበት አንገቱ ላይ ነው የሚያንቀው፤
ጠባብ አፍ ላለው ገንቦ ሰፊ ጅረት ምን ሊረባው?»

አንድ ባለ አሥራ ስድስት ራም ስጠኝ ብለው ደግሞ ሳቀ።
«በአንድ በሬ ማን አርሶ ያውቃል?
ሁለት ባለ ስምንት ውሰድ፣ ጥማድ ሲሆን ይፈጥናል።»

አሥራ ሦስት ሺ ለባንኩ ሣጥን።
አሥራ ሁለት ተኩል ለግራፊክስ ካርዱ፣
ያገለገለ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የመጣ፣
እንደ ሕፃን በፎጣ የተጠቀለለ።
ሁለት ተኩል ለራሞቹ።
አራት ሺ ቀረኝ።

ከመስታወቱ ኋላ አንድ ኬዝ አለ፣ ቀይ ሰማያዊ የሚያበራ፣
ፋኑ እንደ ጥምቀት ጃንጥላ በየቀለሙ የሚዞር፤
ከጎኑ ጥቁር፣ ከባድ፣ ፊቱ የተቆጣ ፓወር ሰፕላይ፤
ዋጋቸው እኩል፣ ዓይኔ ግን አንዱን ብቻ የሚያይ።

ባዘዘው ጥቁሩን አንስቶ መዳፌ ላይ ጣለው።
«ፓወር በእጅ ነው የሚመዘን። እንዳላማው ቀላሉን ገዝቶ
ካርዱን ከነማዘርቦርዱ አቃጠለው።
መብራት ሲሄድ አይደለም የሚጎዳህ፣
ሲመለስ ነው።»

ለማሰብ ወጣሁ። ከጣሪያው በላይ የግንቡ ጫፍ ይታየኛል።
ያን ያስገነባ ንጉሥ ግራና ቀኝ አላሰመረም፣
አትጠገብ የምትባል እህት አልነበረችውማ!
ተመልሼ ጥቁሩን ገዛሁ።

የአዘዞ ታክሲ ውስጥ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ
ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ከፈልኩ፤
በዚያው ኪሴ ባዶ ቀረ።

ማታ ሽቦው ሁሉ ቦታውን ያዘ።
ቁልፉን ተጫንኩ፤ ፋኑ ዞረ፤ ዝም አልን።
አትጠገብ ደብተሯን አየች፣ ቀጥላ እኔን፦
«ስክሪኑስ?»
በግራም የለ፣ በቀኝም የለ።

ቤት ውስጥ ያለው አንድ ቴሌቪዥን የአባዬ ነው፤
ሃያ ሁለት ዓመት በመተማ መንገድ ተሳቢ ነድቶ
ወገቡ እምቢ ካለው ወዲህ
ሪሞቱን እንደ መሪ ይዞ የሚውልበት።
«ዜናው ሲያልቅ፣» አለ። ሲያልቅም፦
«ይኼ ሁሉ ብር ለጨዋታ!»
ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

የጫንኩት ጨዋታ የጭነት መኪና ነበር።
የማላውቀው አገር፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣
ሥዕሉ አንዳንዴ ይደናቀፋል፣ ግን ይሄዳል።
ቁልቁለቱን ፍሬን እንደረገጥኩ ወረድኩ፤
ሞተሩ ጮኸ፤
ከግድግዳው በኩል፣ ፊቱን ሳይመልስ፦

«አትሰማውም እንዴ? ማርሽ ቀንስ።
ፍሬኑ ይግላል።
ሊማሊሞ ቢሆን እስካሁን ገደል ነህ።»

ቀነስኩ።
አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነሥቶ ተቀመጠ።
አትጠገብ እስክሪብቶዋን ፈልጋ
ከግራው መስመር፣ ከሁሉም በታች፣
አንድ ቃል ጻፈች፦
መሪ።