ገና ነው

ኅዳር ነው፤ ላንጌን ጉም እስካንገቷ ውጧት
ከመንደሩ ሁሉ አንድ የደወል ማማ ቀርቷት፣
አልባ ከሚሏት ከተማ (ምንም ካላጣችው)
ለነጋዴ ቀማሽ ሆኜ መጣሁና
ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ፣ ሻማዋን ተከትዬ
ምድር ቤት ወረድኩ ከሲኞራ ዴልፊና።

"ኤርሜቴ በመጨረሻ የጨመቀው ነው" አለች፤ "የበረዶው ዓመት።
ከአሥር ዘለላ ዘጠኙን ሰማይ ወቅቶበት
የተረፈችው አንዷ ናት እዚህ የገባች፤
ለዚያ ነው መሰለኝ ቂም የቋጠረች።"
ጠርሙሱን በጉልበቶቿ መሃል ቆልፋ
ቡሹን ነቀለችው።

አየሁት። ሳሳ ያለ ቀይ፣
ጠርዙ ላይ የጡብ መልክ፣ የማታ ፀሐይ።
ከብርጭቆው ማዶ ጣቴ ይታየኛል፤
የማያውቅ ሰው ቢሆን "ውሃ ነው" ይለኛል።

አሸተትኩት። ደብዳቤ ውስጥ የደረቀ ጽጌረዳ፣
መንገድ ሠሪ የረሳው የሬንጅ ገንዳ፣
ከሥር ደግሞ፣ ዘግይቶ፣ የፈረስ ኮርቻ ቆዳ።

ቀመስኩት።
መጀመሪያ ፈገግ አለልኝ፣ እንደ እንጆሪ፤
ወዲያው አንገቴን ያዘኝ፣ እንደ መንደር አበዳሪ፤
ድዴን ሰብስቦ፣ ምላሴን አድርቆ፣
ጥርሴ እስኪያጠርስ የድሮ ዕዳ ጠይቆ።
ባልዲው ውስጥ ተፋሁት። እሱ ግን አልሄደም፤
እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ፣ ጣዕሙ አልበረደም።

ጻፍኩ፦ "አጥንቱ ጠንካራ፤ ሥጋ ግን አላወጣም።
ገና ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አይጠጣም።"

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሣቀች።
"ልጄም ከቶሪኖ ሲደውል ቃሉ ይኸው ነው።
'ትመጣለህ ወይ?' ስለው፣ 'ገና ነው'፤
'እኮ መቼ?' ስለው፣ 'ለገና ነው'።
እኔ ሰማንያ አንድ ሞልቶኛል፤
ያንተ አሥራ አምስት ዓመት የት ያገኘኛል?"

መልስ አልነበረኝም። እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰካሁት።

እሷ የወጥ ቤት ብርጭቆ እስካፉ ሞላች፤
ሳታሽከረክር፣ ሳታሸት
አንዴ ተጎነጨች።
ፊቷ ተኮማተረ። ጥርሷን በምላሷ ዳበሰች።
"ራሱ ኤርሜቴ ነው" አለች፤ "አፍ አይገባም ነበር
ካልቆየ በቀር።"
ጥቂት ዝም ብላ፦
"ከቆየም በኋላ።"

ሁለተኛ ቀዳች። ሻማው ወደ ማለቁ ነው።
በእኔ ደብተር "አልደረሰም" ይላል፤ አልሰረዝኩትም።
ያየሁትንም ከሥሩ አልጻፍኩትም፦
ብርጭቆዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ
የሰው እጅ እንደሚይዙ ስትይዘው።

ውጪ ጉሙ መኪናዬን ሰውሮት
በእጄ እየዳበስኩ ፈለግሁት።
አፌ
ገና እንደተያዘ ነበር።