ገመዱ አለቀ

ከሂርማታ ቁልቁል፣ አዌቱ ዳር፣ ድልድዩን ሳትሻገር፣
ሰጋቱራው የማይደርቅ አንድ የእንጨት ቤት ነበር።
ከዚያ እስከ ባሕር ድረስ ስንት ኬላ፣ ስንት ሀገር፤
በጅማ ውሃ የሚንሳፈፍ፣ ቦዬ ረግረግ ውስጥ፣
ጉማሬ ብቻ ነበር።

ጋሽ ተማም ግን በርጩማውን ከአንድ ግንድ ሲፈለፍል፣
ማዕበል ላይ እንደቆመ እግሩን ከፈት ያደርጋል፤
ደመና ከጅሬን በኩል ጠቆር ብሎ ብቅ ሲል፣
"ነጃት፣ ሸራ ጠቅልይ!" ይላል።
ሸራው ያው ጆንያ ነው፣ በር ላይ የሰቀልነው፤
"መልሕቅ ጣሉ" ሲለን፣ ምሳ ደርሷል ማለቱ ነው።

ዳኜ ከጠጅ ቤት ወጥቶ፣ አጥር አጥሩን ሲደገፍ፣
"ሦስት ገመዱ ላልቷል" አለ፣ መላጊያውን ሳያሳርፍ።
ቆጠርን። አንዱ ቀበቶው። የጫማው ማሰሪያ ሁለት።
ሦስተኛው የቱ እንደሆነ እስኪመሽ ተጣላንበት።

"ከነፋሱ በታች ነኝ" አለ፣ ወባ የጣለው ሰሞን፤
ሚስቱ መኪያ ተነሥታ ጥርቅም አደረገች መስኮቱን።

ለኔ ሽማግሌ የላከ አንድ የቡና ደላላ ነበር፣
ሽቶው ከደጅ የሚቀድም፣ የወርቅ ጥርሱ የሚያበራ።
ጋሽ ተማም ጥግ ጠርቶኝ፣ "ጠጋ እስኪል ጠብቂ" አለ፤
"ሩቅ ያለ መርከብ የሚሰቅለው የወዳጅ ባንዲራ ነው፤
የራሱን የሚያወጣው መድፉ የሚደርስ ጊዜ ነው።"
እኔ ባንዲራ ፍለጋ የሰውዬውን ደጅ ሳይ ከረምኩ።
ሽቦው ላይ የተሰቀለው የሕፃን ልብስ ነበር።
ሦስት ቁምጣ፣ አንድ ቀሚስ።

"ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?"
ሚስማሩን ከከንፈሩ አወጣ።
"ምጽዋ ነዋ። ቀይ ፂም ያለው ፈረንጅ ነበር የሚያስተምረን።
እሱ በራሱ አፍ ይለዋል፤ እኔ ወደ እኛ ገለበጥኩት።
ስገለብጠው ግማሹ ሳይደፋ አልቀረም።"

መልሕቅ ሲወርድ ገመዱ ይሄዳል፣ ይሄዳል አለን፤
የመጨረሻዋ ክንድ ግን ከመርከቡ ጋር እንደታሰረች ትቀራለች።
ከሷ ወዲያ የሚሰጥ የለም።
ፈረንጁ "መራራው ጫፍ" ይላታል።
"ቀምሰሃታል?" አለ ትንሹ ዚያድ።
አሰበ።
"ጨው ጨው ትላለች።"

አንድ የነሐሴ ሌሊት አዌቱ ሞልቶ አጥሩን ዘለለ፤
ሰፈሩ ፋኖስ ይዞ መጣ፣ "ባሕረኛው የት አለ?"
ባሕረኛው ጣውላ ክምር ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣
ይንቀጠቀጣል።
"እኔ ውሃ ላይ ወጥቼ አላውቅም" አለ።
"የገመድ መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ።
መርከቦቹ ሲመለሱ ገመዱን እረከባለሁ፤
ከገመዱ ጋር ተጠምጥሞ ይመጣል፣ ያው ቃሉ።
እርጥቡን ነበር የምሰቅለው።"

የሳቀ የለም። ውሃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል።
አንዱ ፋኖሱን ወደ ፊቱ አስጠጋ፤ ሌላው መልሶ ወሰደው።
"ገመድ ግን" አለ፣ "አውቃለሁ።"
ተነሣ። ግንዱን ከግንድ፣ ጣውላውን ከጣውላ፣
ሁሉን ከግቢው ዝግባ ጋር አሰረው፣
በጨለማ፣ በጣቱ ብቻ እያየ፣
እስከ ዛሬ በማልደግመው ቋጠሮ።
ሲነጋ እንጨታችን ሁሉ ግቢው ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር፤
አንድም አልሄደም።
ከጉማሬ ሌላ፣ ጅማ ላይ ሲንሳፈፍ ያየሁት ነገር ያ ነው።

ዛሬ ቤቱ የኔ ነው። የሱን መቃብር ሣር ውጦታል፤
ገመዱ ግድግዳው ላይ አለ፤ አይጥ ጫፉን ቀምሶታል።
ባለፈው ከአጋሮ የመጣ ሰው አልጋ ሊገዛ ተከራከረኝ።
አምስት መቶ ቀነስኩ። ሌላ ሦስት መቶ።
ደግሞ "ለልጄ ሰርግ ነው" ብሎ፣ ለሃምሳ ብር ለመነኝ።
"በቃ" አልኩት፣ "ገመዱ አለቀ።"
ሰውዬው እጄን አየ።
እኔም አየሁት።