አንዲት «በ»

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ስምንት ሰው ባንድ ክፍል፣
የኤሲው ጠብታ ባልዲው ላይ ጠብ ሲል፣
ላፕቶፔን ጭኔ ላይ፣ ፕሮግራም ጫንኩበት
«በነጻ» የሚል ቃል ግንባሩ ያለበት።

ኸይረዲን ካልጋው ላይ አንገቱን አስግጎ፣
«ውኃ ሰጠህ» አለኝ፣ «ምንጩን ግን ሸሽጎ።
ነገ ክፈል ቢልህ፣ ቧንቧውን ቢዘጋ፣
ጥምህን ታቅፈህ ልትወጣ ነው ካልጋ?»

«ያንተው ክፍቱ ምንጭ ገና ነው ቁፋሮው፤
ዛሬ ነው የደረቀው የኔማ ጉሮሮው።»

መልስ የለም። ከትራሱ ሥር ወረቀት ሳበና
አሳየኝ፦ የፓስፖርት ኮፒ። ዋናው ከካፊሉ ካዝና።
«ፍሪ ቪዛ» ነበር ሲመጣ የተባለው፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ነው ዕዳ የሚከፍለው።

መብራት አጠፉ።
ስክሪኑ ላይ «በ»ን ባውራ ጣቴ ጋረድኳት፤
«ነጻ» የሚል ቀረ፣
ጣቴ እስኪዝል ድረስ።